ባዶ ሜዳ በውድ የሚሸጥበት ገበያ፦ የማሳይ ማራ ሎጆች የአዳር ዋጋ በምን ይቆማል?

ሁለት መቶ ዶላር ገደማ የያዘ መንገደኛ ናይሮቢ ከተማ ውስጥ ደኅና ሆቴል አያጣም። ከዚያው ከተማ በትንሽ አውሮፕላን አንድ ሰዓት ያህል ተጉዞ የማሳይ ማራን ሜዳ ቁልቁል በሚያይ የቅንጦት ሎጅ ለማደር ሲጠይቅ ግን ዋጋው ወደ 1 ሺህ ዶላርና ከዚያም በላይ ይወጣል። ያውም የሚተኛው በሸራ ድንኳን ውስጥ ነው። ሒሳቡም የሚጠራው በክፍል ሳይሆን በነፍስ ወከፍ በመሆኑ ባልና ሚስት ከሆኑ እጥፍ ይከፍላሉ። በኦገስት 2025 ሥራ የጀመረው የሪትዝ ካርልተን የሳፋሪ ካምፕማ መነሻ ዋጋው ለአንድ ሌሊት 3,500 ዶላር መሆኑ በዜና ማሰራጫዎች ተዘግቧል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን የሰማ ነጋዴ መጀመሪያ የሚያነሳው ጥያቄ የታወቀ ነው። አልጋው፣ ምግቡና መስተንግዶው ይህን ያህል ያወጣልን? አልጋ ብቻ ቢሆን አያወጣም። በዚህ ገበያ የሚሸጠው ዋናው ዕቃ ባዶ ሜዳ ነው፤ ይኸውም ቤት፣ አጥርና የመኪና ጋጋታ የማይታይበት፣ አውሬ ግን የሞላበት መሬት። መሬቱን በዚህ ሁኔታ ማቆየት ደግሞ በየወሩና በየዓመቱ የሚከፈልበት ነገር ነው። የአዳሩን ዋጋ ለመረዳት የሚሻም፣ በዚህ ዘርፍ ገንዘቡን ለማዋል የሚያስብም ከዚህ መነሳት አለበት።

የቦታው ጠባይ

ማሳይ ማራ በደቡብ ምዕራብ ኬንያ በታንዛኒያ ድንበር ላይ የሚገኝ፣ 1,510 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የዱር እንስሳት መጠበቂያ ክልል ነው። ከድንበሩ ማዶ ያለው የታንዛኒያው የሰረንጌቲ ብሔራዊ ፓርክ ደግሞ 14,763 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። አውሬ ድንበር አያውቅምና ሁለቱ እንደ አንድ ሜዳ የሚቆጠሩ ናቸው። በየዓመቱ ከ1 ሚሊዮን በላይ ዊልደቢስት የተባሉ ቀንዳም ሣር በል እንስሳት፣ ከሜዳ አህያና ከሚዳቋ መንጋ ጋር ሆነው፣ ዝናብና ሣር እየተከተሉ ከሰረንጌቲ ወደ ማራ ይዘልቃሉ። ከጁላይ እስከ ኦክቶበር ባለው ጊዜ አዞ የሞላበትን የማራ ወንዝ ሲሻገሩ የሚታየው ትርኢት የገበያው ትልቁ ማስታወቂያ ነው።

እንግዳን በአውሬ መካከል አሳድሮ ገንዘብ የማግኘቱ ንግድ አዲስ አይደለም። በኬንያ አበርዴር ጫካ ዛፍ ላይ የተሠራው ትሪቶፕስ ሥራ የጀመረው በ1932 ሲሆን፣ ዓለም ይበልጥ ያወቀው በፌብሩዋሪ 1952 የእንግሊዟ ልዕልት ኤልሳቤጥ እዚያ በእንግድነት ሳሉ አባታቸው ሞተው ዘውዱ ወደ እርሳቸው በመተላለፉ ነው። በማራ ክልል ውስጥ የመጀመሪያው ሎጅ ኪኮሮክ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ተከፈተ። ኬንያ በ1977 አደንን ስትከለክል ደግሞ ጠመንጃ ይዞ ይመጣ የነበረው ደንበኛ ቀረና ንግዱ በሙሉ ካሜራ አንግቦ ወደሚመጣው እንግዳ ዞረ።

ዛሬ በማራ የሚገኙት ማረፊያዎች በጥቅሉ በሁለት ሊከፈሉ ይችላሉ። አንደኞቹ ብዙ ክፍል ያላቸው፣ በቡድን የሚመጣ እንግዳ የሚቀበሉና በብዛት የሚያተርፉ ናቸው። በኮረብታ ላይ ሆኖ ማራ ትሪያንግል የተባለውን ምዕራባዊ ሜዳ የሚያየው ማራ ሰረና ለምሳሌ ከ70 በላይ ክፍሎች አሉት። ሁለተኞቹ ጥቂት ድንኳን ብቻ ይዘው በውድ የሚሸጡት ናቸው። በ2015 የተከፈተው አንጋማ ማራ ከሜዳው 300 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በኦሎሎሎ ገደል አፋፍ ላይ የተሠራ ሲሆን፣ ሁለት ካምፖቹ እያንዳንዳቸው 15 ድንኳን ብቻ አላቸው። የድንኳኖቹ ፊት ከወለል እስከ ጣሪያ መስታወት በመሆኑ እንግዳው ከአልጋው ሳይወርድ ሜዳውን ያያል።

ገዢው ለገንዘቡ የሚያገኘው

እንግዳው ከናይሮቢ ዊልሰን አውሮፕላን ማረፊያ በደርዘን ያህል ሰው በሚይዝ አውሮፕላን ተነስቶ በሜዳው መካከል በተጠረገ ማኮብኮቢያ ላይ ያርፋል። የሚፈቀድለት ጓዝ አብዛኛውን ጊዜ 15 ኪሎ ብቻ ነው፤ ያውም በሚታጠፍ ቦርሳ። ከሎጁ የተላከ ጎኑ ክፍት የሆነ ላንድክሩዘር ይቀበለዋል፤ አውሬ ማየቱም ገና ሎጁ ሳይደርስ በመንገድ ላይ ይጀምራል።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ቡና ይዞ የሚቀሰቅስ ሠራተኛ ይመጣል። 12 ሰዓት ላይ መኪናው ይንቀሳቀሳል፤ አንበሳና ጅብ ከሌሊት አደን የሚመለሱበት፣ አቦ ሸማኔም ለአደን የሚወጣበት ሰዓት ነውና። ቁርስ በሜዳው ላይ ከዛፍ ጥላ ሥር ይበላል። ቀትር ላይ ፀሐዩ ሲበረታ አውሬውም እንግዳውም ያርፋል። 10 ሰዓት ላይ ሁለተኛው ጉዞ ይቀጥላል፤ ፀሐይ ስትጠልቅም መኪናው ቆሞ መጠጥ ይቀርባል። ከመሸ በኋላ እንግዳ ብቻውን ከድንኳኑ አይወጣም። አብዛኞቹ ካምፖች አጥር የሌላቸው በመሆኑ ጎሽና ጉማሬ በግቢው ውስጥ ያልፋሉ። ስለዚህ እንግዳውን ወደ ራት የሚወስደውና መልሶ የሚያደርሰው ባትሪና ጦር የያዘ የማሳይ ዘበኛ ነው።

የቅንጦት ሎጆች ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ ምግብን፣ መጠጥን፣ በቀን ሁለት ጊዜ የሚደረገውን ጉዞና የልብስ አጠባን ያጠቃልላል። በረራው፣ የጧት የባሉን ጉዞና ለሠራተኛ የሚሰጥ ጉርሻ ግን ብዙ ጊዜ ለብቻ የሚከፈሉ ናቸው። ባሉኑ ብቻውን ለአንድ ሰው ከ400 ዶላር በላይ ይጠየቅበታል።

የሎጁ ባለቤት ወጪም ቀላል አይደለም። አትክልቱ፣ መጠጡና የመኪናው መለዋወጫ ከሩቅ ይመጣል። መብራቱ በሶላር ወይም በጄኔሬተር ነው። ሠራተኛው እዚያው ይበላል፣ እዚያው ያድራል፤ በአንድ እንግዳ ሁለትና ከዚያ በላይ ሠራተኛ የሚመድቡ ሎጆችም አሉ። ሆኖም ይህ ሁሉ ተደምሮ የ200 ዶላሩን ክፍል የ1 ሺህ ዶላር አያደርገውም። ትልቁ የልዩነት ምንጭ ከድንኳኑ ደጃፍ ጀምሮ ያለው መሬት ነው።

መሬቱ የማን ነው?

በማራ መሬቱ ሁለት ዓይነት ባለቤት አለው። የመጀመሪያው የናሮክ ካውንቲ አስተዳደር ሲሆን፣ ብሔራዊ ክልሉ በእርሱ ሥር ነው። አስተዳደሩ ከ2024 ጀምሮ ከውጭ አገር ጎብኚ በቀን የሚያስከፍለው መግቢያ ከጃንዋሪ እስከ ጁን 100 ዶላር፣ ከጁላይ እስከ ዲሴምበር ደግሞ 200 ዶላር ሆኗል። በኦገስት ወር ለሦስት ቀን የሚገቡ ባልና ሚስት ለመግቢያ ብቻ 1,200 ዶላር ይከፍላሉ ማለት ነው።

ሁለተኞቹ ባለቤቶች የማሳይ አርብቶ አደሮች ናቸው። ከብሔራዊ ክልሉ በስተሰሜንና በስተምሥራቅ ያለው ሰፊ ሜዳ በ1968 በወጣው ሕግ መሠረት በማኅበር የተያዘ የግጦሽ መሬት ነበር። በኋለኞቹ ዓመታት ይህ መሬት ለየአባወራው እየተሸነሸነ ባለቤትነቱ በየስሙ ተመዘገበ። ባለ ደብተር የሆነው ማሳይ መሬቱን ማጠር፣ ማረስ፣ ለስንዴ ገበሬ ማከራየት ወይም መሸጥ ይችላል። አውሬው ግን አጥርና እርሻ ካለበት መሬት ጋር አይስማማም።

ነገሩ ቀላል እንዳልሆነ የሚያሳይ ቁጥር አለ። በ2016 የታተመ ጥናት እንደሚያመለክተው በኬንያ ከ1977 እስከ 2016 ባለው ጊዜ የዱር እንስሳት ቁጥር በአማካይ 68 በመቶ ቀንሷል። ከአገሪቱ አውሬ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚኖረው ደግሞ ከፓርክ ውጭ፣ በሰው መሬት ላይ ነው። በሰው መሬት ላይ ያለው አውሬ ለባለመሬቱ ምን ያስገኝለት ነበር? የሜዳ አህያው የከብቱን ሣር ይግጥበታል፤ አንበሳው ጊደሩን ይነጥቀዋል፤ ገንዘቡ ግን ወደ ሎጁና ወደ መንግሥት ካዝና ይሄዳል። ለማሳዩ የቱሪስቱ ሀብት "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" ነበር።

ይህን የቀየረው የኪራይ ውል ነው። ከ2005 ጀምሮ ኦል ኪኒዬ፣ ኦላሬ ኦሮክ፣ ማራ ኖርዝና ናቦይሾ የተባሉት የግል የጥበቃ ክልሎች ተራ በተራ ተቋቋሙ። አሠራሩ እንዲህ ነው። ጎረቤታሞች የሆኑ ባለመሬቶች ቁራጭ መሬታቸውን አንድ ላይ አድርገው ለሎጅ ባለቤቶች ያከራያሉ። ሎጆቹ በኤከር የተቆረጠ ኪራይ ለየባለመሬቱ በባንክ ወይም በስልክ ገንዘብ ይከፍላሉ። ክፍያው በእንግዳው ብዛት ላይ የተመሠረተ አይደለም፤ እንግዳ መጣም ቀረም ይከፈላል። ባለመሬቱ በበኩሉ በመሬቱ ላይ ቤት ላይሠራ፣ ላያጥርና ላያርስ ይስማማል፤ ከብቱንም በወጣለት ተራ መሠረት ያግዳል። ናቦይሾ በዚህ ዓይነት ከ500 በላይ ባለመሬቶችን በ50 ሺህ ኤከር ገደማ መሬት ላይ ያሰባሰበ ነው። የኬንያ ፓርላማ በ2013 ያወጣው የዱር እንስሳት ሕግ ይህን አሠራር እንደ አንድ የመሬት አጠቃቀም ዓይነት ያወቀው ሲሆን፣ ዛሬ በማራ ዙሪያ ከ20 በላይ እንዲህ ያሉ ክልሎች አሉ።

ጥቂት አልጋ፣ ብዙ መሬት

በእነዚህ የጥበቃ ክልሎች ከሚሠራባቸው ደንቦች መካከል ለነጋዴ ይበልጥ ትምህርት የሚሰጠው የአልጋ ገደቡ ነው። በኦላሬ ኦሮክና በመሰሎቹ የሚሠራበት ደንብ ለአንድ ድንኳን 700 ኤከር መሬት እንዲኖርና በአንድ ካምፕ ከ12 ድንኳን በላይ እንዳይተከል ይላል። 12 ድንኳን በ700 ሲባዛ 8,400 ኤከር፣ ማለትም 3,400 ሔክታር ገደማ ይሆናል። በቀድሞው የኢትዮጵያ አለካክ 85 ጋሻ መሆኑ ነው። ይህ ሁሉ መሬት ለ24 እንግዳ ነው።

አንድ አውሬ ከአምስት በላይ መኪና እንዳይከበውም ይደነገጋል። በብሔራዊ ክልሉ ውስጥ የተከለከሉት የሌሊት ጉዞ፣ በእግር መሄድና ከመንገድ ወጥቶ በመኪና መንዳት እዚህ ይፈቀዳሉ። ስለዚህ በክልሉ ውስጥ በትልቅ ሎጅ ያረፈና በጥበቃ ክልል ያረፈ እንግዳ ያንኑ አንበሳ ሊያዩ ይችላሉ፤ ልዩነቱ አንዱ ከሰላሳ መኪና ጋር ተሻምቶ፣ ሌላው ከሁለት መኪና ጋር ሆኖ ማየቱ ነው። የዋጋው ልዩነት የሚከፈለው ለዚህ ነው።

አቅርቦትን አጥብቦ ዋጋን የመያዙ ዘዴ የማራ ብቻ አይደለም። ቦትስዋና በ1990 ባወጣችው የቱሪዝም ፖሊሲ ጥቂት እንግዳ በውድ ዋጋ መቀበልን መርጣለች። ሩዋንዳ በሜይ 2017 የተራራ ጎሪላ ለማየት የሚከፈለውን የፈቃድ ዋጋ ከ750 ወደ 1,500 ዶላር በአንድ ጊዜ አሳድጋለች። በሰረንጌቲ ምዕራባዊ ጠርዝ ደግሞ በዎል ስትሪት በሸቀጥ ገበያ ንግድ የታወቁት አሜሪካዊው ፖል ቱዶር ጆንስ በ2000ዎቹ መጀመሪያ 350 ሺህ ኤከር ያህል መሬት በኮንሴሽን ያዙ። ያን በሚያክል ስፋት ላይ ያሉት ማረፊያዎች ጥቂቶች ናቸው፤ ከመካከላቸው ሳሳክዋ የተባለው በኮረብታ ላይ ሆኖ የሰረንጌቲን ሜዳ ያያል።

የኪራዩ ስሌት

የመሬቱ ወጪ በአንድ እንግዳ ላይ ስንት ሆኖ እንደሚያርፍ ለማየት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ቁጥሩ ለስሌት እንዲመች የተወሰደ እንጂ የአንድ የተወሰነ ሎጅ ሒሳብ አይደለም። 8,400 ኤከር የያዘ ባለ 12 ድንኳን ካምፕ ለኤከር በዓመት 20 ዶላር ቢከፍል ዓመታዊ ኪራዩ 168 ሺህ ዶላር ነው። 24 አልጋ በ365 ቀን ሲባዛ በዓመት 8,760 አዳር ይሆናል።

ካምፑ 80 በመቶ ቢሞላ ኪራዩ በአንድ አዳር ላይ 24 ዶላር ገደማ ሆኖ ይደለደላል። ግማሹ ቢሞላ 38 ዶላር፣ 20 በመቶ ብቻ ቢሞላ ግን ወደ 96 ዶላር ይደርሳል። ኪራዩ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የእንግዳው ቁጥር ነው። የአውሬ ጠባቂዎች ደመወዝ፣ የመንገድ ጥገናና የክልሉ አስተዳደር ወጪ ሲጨመርበት ሸክሙ የበለጠ ይከብዳል። ይህን ወጪ ለመሸፈን ብዙዎቹ ክልሎች ለእንግዳው የጥበቃ ክፍያ በአዳር ይቆርጡበታል።

ወደ ላይኛው ዋጋ ሲመጣ ደግሞ 1 ሺህ ዶላር ተብሎ የሚጠራው ሁሉ ሎጁ ኪስ አይገባም። በዚህ ንግድ አስጎብኚ ድርጅትና ወኪል ከታወጀው ዋጋ ከ20 እስከ 30 በመቶ ቅናሽ ያገኛሉ። 25 በመቶ ብንል 750 ዶላር ይቀራል። በኬንያ የተጨማሪ እሴት ታክስ 16 በመቶ፣ የቱሪዝም ቀረጥ 2 በመቶ ነው፤ ዋጋው እነዚህን ያካተተ ነው ብንል ለሎጁ የሚተርፈው 636 ዶላር ገደማ ነው። ከዚህ ላይ ነው የመሬት ኪራይ፣ ደመወዝ፣ ነዳጅ፣ ምግብና የባንክ ወለድ የሚወጣው። በመካከል ያለው ደላላ አንድም ድንኳን ሳይተክል ከአንድ አዳር 250 ዶላር ማግኘቱ ብዙ ባለሎጆችን ያስቆጫል። ሆኖም ከኒውዮርክና ከለንደን የሚመጣውን ደንበኛ የያዘው እርሱ ስለሆነ ያለ እርሱ የሚሞላ ሎጅ ጥቂት ነው።

ሌላው ሊዘነጋ የማይገባው ነገር የዕቃው ጠባይ ነው። ያልተሸጠ ቡና መጋዘን ውስጥ ሆኖ የተሻለ ዋጋ ይጠብቃል። ያልተሸጠ አዳር ግን በነጋታው የለም። ስለሆነም ሎጆች ከጁላይ እስከ ኦክቶበር ባለው ወቅት ዋጋ ከፍ አድርገው፣ ረዥሙ ዝናብ በሚጥልበት በኤፕሪልና በሜይ ደግሞ ቀንሰው ይሸጣሉ፤ ጨርሰው የሚዘጉም አሉ። ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ ደረቅ በመሆናቸው አውሬ በደንብ የሚታይባቸው ወራት ናቸው፤ የወንዝ ማቋረጡ ትርኢት ስለሌለ ግን ዋጋው እንደ ኦገስት አይንርም።

አደጋው ከየት ይመጣል?

ይህ ንግድ በአንድ እግሩ የቆመ መሆኑ በ2020 በግልጽ ታየ። በኮሮና ምክንያት የአውሮፕላን በረራ ሲቆም የእንግዳው ገቢ በሳምንታት ውስጥ ደረቀ። በናይሮቢ የአክሲዮን ገበያ የተመዘገበው፣ የሰረና ሆቴሎችን የያዘው ቲፒኤስ ኢስተርን አፍሪካ ያን ዓመት በኪሳራ ዘጋ። የጥበቃ ክልሎቹ ሁኔታ ይበልጥ ከባድ ነበር። እንግዳ መጣም ቀረም ይከፈላል የተባለው ኪራይ እንግዳ ጨርሶ ሲጠፋ ከየት ይከፈል? አንዳንዶቹ ከባለመሬቶቹ ጋር ተደራድረው ኪራዩን ቀነሱ፤ ለአንዳንዶቹም የጥበቃ ድርጅቶች በብድርና በዕርዳታ ደረሱላቸው። ባለመሬቱ በበኩሉ የልጁን የትምህርት ቤት ክፍያ የሚሸፍንለት ገቢ ሲቋረጥ አጥሩን መልሶ ቢተክል የሚፈርድበት አልነበረም።

ሁለተኛው አደጋ መጨናነቅ ነው። በጁላይ 2025 በሰረንጌቲ በኩል ጎብኚዎች ከመኪናቸው ወርደው የዊልደቢስቱን መንጋ መሻገሪያ ሲዘጉ የሚያሳይ ምስል በዓለም ዙሪያ ተሰራጭቶ ቁጣ አስነስቷል። ለደንበኛው ባዶ ሜዳ ብሎ የሸጠ ነጋዴ እንዲህ ያለ ምስል የሚጎዳውን ያህል መጥፎ ምግብ አይጎዳውም።

ሦስተኛው ክርክር ነው። ከላይ የተጠቀሰው የሪትዝ ካርልተን ካምፕ በተከፈተበት በኦገስት 2025 አንድ የማሳይ ተወላጅ የሆኑ የጥበቃ ምሁር ግንባታው በማራና በሰረንጌቲ መካከል ያለውን የአውሬ መተላለፊያ ይዘጋል በማለት ናሮክ ፍርድ ቤት ክስ መሥርተዋል። የኬንያ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ግን ቦታው መተላለፊያ አይደለም ብሏል። የክርክሩ ጭብጥ ለማንኛውም ባለሀብት ግልጽ ነው። ሎጁ የሚሸጠው ክፍት ሜዳ ከሆነ ሜዳውን ዘግቷል የሚባል ስም የዕቃውን ዋጋ የሚያወርድ ስም ነው።

ለመሄድ ላሰበ ሰው

ለሥራ ጉዳይ ናይሮቢ ደርሶ ሦስት ቀን ማራ ለማረፍ የሚያስብ ነጋዴ ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ጥቂት ጥያቄዎችን ቢያቀርብ ይጠቀማል። ሎጁ ያለው በብሔራዊ ክልሉ ውስጥ ነው ወይስ በግል የጥበቃ ክልል? የመግቢያ ወይም የጥበቃ ክፍያው በዋጋው ውስጥ ተካትቷል ወይስ ለብቻ ነው? መኪናው ከሌላ እንግዳ ጋር የሚጋራ ነው ወይስ የግል? ብቻውን የሚተኛ እንግዳ ጭማሪ ይከፍላል? ጉዞው ቢሰረዝ የሚመለሰው ስንት ነው? ኬንያ ለተለያዩ ዜጎች የተለያየ ተመን ስላላት ከኢትዮጵያ የሚሄድ መንገደኛ በየትኛው ተመን እንደሚስተናገድም አስቀድሞ በጽሑፍ ማረጋገጥ ይገባዋል።

ለኢትዮጵያ ባለሀብት ያለው ትርጉም

ሜዳን ቁልቁል የሚያዩ አፋፎች በኢትዮጵያ ሞልተዋል። ከአርባ ምንጭ ሎጆች በረንዳ ላይ የቆመ ሰው አባያና ጫሞን፣ በሁለቱ ሐይቆች መካከልም የእግዜር ድልድይን ያያል። ከዚያ ማዶ 514 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው የነጭ ሣር ፓርክ ነው፤ የሜዳ አህያ የሚሰማራበት ነጣ ያለ የሣር ሜዳ አለው። አፋፉና ሕንፃው ከሆነ ችግሩ፣ ጉዳዩ ድሮ ባለቀ ነበር።

የነጭ ሣር ታሪክ ግን ሌላ ነገር ያስተምራል። አፍሪካን ፓርክስ የተባለው ዓለም አቀፍ የፓርክ አስተዳዳሪ ድርጅት በ2004 ከመንግሥት ጋር ተዋውሎ ፓርኩን ለማስተዳደር ገባ፤ በ2008 ለቅቆ ወጣ። ከምክንያቶቹ አንዱ በፓርኩ ውስጥ የሚኖረውና ከብቱን የሚያግደው ሕዝብ ጉዳይ እልባት አለማግኘቱ ነበር። ሕዝቡን ማስነሳት ተሞክሮ ቂም ተረፈ፤ ሜዳውም ከከብት ነጻ አልሆነም። በሜዳው ይታይ የነበረው ቆርኬ ደግሞ ወደ መጥፋት ደረሰ።

የማራውን ውል እንዳለ ገልብጦ ማምጣት አይቻልም። በኬንያ ማሳዩ በስሙ የተመዘገበ መሬት ስላለው አከራይ መሆን ይችላል። በ1994 በጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አርብቶ አደሩ ግን በአንቀጽ 40 መሠረት በነጻ የግጦሽ መሬት የማግኘትና ከመሬቱ ያለመፈናቀል መብት አለው። ስለዚህ ከመሥሪያ ቤት የሊዝ ወረቀት ይዞ የሚመጣ ባለሀብት ሎጅ የሚሠራበትን ቦታ አገኘ እንጂ የሚሸጠውን ሜዳ ገና አላገኘም። ሜዳው ያለው በከብት አርቢው እጅ ነው።

መንገዱ ጨርሶ ዝግ አለመሆኑን የሚያሳይ ምሳሌ ሰሜን ሸዋ ውስጥ አለ። በመንዝ የሚገኘውን 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሰፋ የጓሳ መሬት የአካባቢው ሕዝብ በልማዳዊ ሥርዓቱ ሣሩን ለዓመታት እየዘጋና በየተራ እያጨደ ለዘመናት ጠብቆታል፤ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ዛሬም ይገኙበታል። በዚያ ያለው አነስተኛ ሎጅም የማኅበረሰቡ ነው። የቅንጦት ማረፊያ አይደለም፤ የገቢ ልኩም ከማራ ጋር አይወዳደርም። ነገር ግን ሎጁ ከመምጣቱ በፊት ሜዳው ጠባቂ ነበረው።

ባለሀብቱ ሒሳቡን ሲያወጣ የመስታወቱንና የመዋኛ ገንዳውን ወጪ ከላይ ማስፈር የተለመደ ነው። ከማራ የሚገኘው ትምህርት ግን የመጀመሪያው መስመር ላይ መግባት ያለበት ለሜዳው ጠባቂ በየወሩ የሚከፈለው ገንዘብ መሆኑን ያሳያል። ይህ ክፍያ እንግዳ በጠፋበት ዓመት እንዴት እንደሚሸፈን መልስ ያላዘጋጀ ሰው ሕንፃውን ሊጨርስ ይችላል፤ ከበረንዳው ላይ የሚያሳየው ግን እያነሰ ይሄዳል።